ለቤት ቪዲዮ ሰርቨር የትኛውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጫን? (አዳማ፣ እኔ ቤት አልኖርም)

የፍራንኮ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን አዳማ ነው። በቅርቡ ለሥራ ወደ ጅማ እሄዳለሁ። ቤት የሚቀሩት እማዬና ታናሽ እህቴ ናቸው። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ጨርሼ መሄድ እፈልጋለሁ። የቤታችን ቪዲዮዎች በሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ ሳሎን ባለው ቲቪም በስልክም በቀላሉ እንዲታዩ ነው።

ዕቃው አለኝ። ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ቪዲዮዎቹ ያሉት በዩኤስቢ የሚሰካ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ቲቪው አንድሮይድ ቲቪ ነው። ራውተሩ ሳሎን ስለሆነ ኮምፒውተሩን እዚያው አስቀምጬ በኬብል አገናኘዋለሁ።

ዲስኩ ላይ ያለው ከገበያ የሚገኝ ነገር አይደለም። የእማዬና የአባዬ ሠርግ አለ፤ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲቪዲ የተገለበጠ። የታላቅ እህቴ ሠርግና መልስ አለ። ክርስትና፣ ምርቃት፣ ጥምቀት አለ። አባዬ የሰበሰባቸው የመዝሙር ቪሲዲዎችና ከቲቪ የተቀዱ የቆዩ ድራማዎችም አሉ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ድምፁን የምንሰማው በእነዚህ ቪዲዮዎች ብቻ ነው። እማዬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። እስካሁን እኔ ፍላሽ ላይ እየገለበጥኩ ቲቪው ላይ እሰካላታለሁ። እኔ ስሄድ ይህን የሚያደርግላት የለም።

ጄሊፊንን ለመጠቀም ወስኛለሁ፤ ቪዲዮዎችን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ቲቪና ስልክ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ የኢንተርኔት አካውንትም አይጠይቅም። ያልወሰንኩት ከሥሩ የሚሆነውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኮምፒውተሩ አሁን ዊንዶውስ 10 አለው። የእሱ መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ላይ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእኔ አይገባም። አንዱ ጓደኛዬ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ይለኛል፣ ሌላው ትሩናስ የሚባለውን የፋይል ማከማቻ ሲስተም፣ ሌላው ደግሞ እንዳለ ተወው ይላል።

የእኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ ሳልኖር መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ተነስቶ፣ ዲስኩን አግኝቶ፣ ቪዲዮውን ቲቪው ላይ ማምጣት አለበት። እማዬ የምትይዘው የቲቪውን ሪሞት ብቻ ነው። እህቴ ፈተና አለባት፤ እሷን በዚህ ማስቸገር አልፈልግም። ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም መሥራት አለበት። ለዚህ የሚሆነው የቱ ነው?


ዜድኤፍኤስ ወዳጅ፦

ትሩናስ። ለማይተካ ቪዲዮ ከዜድኤፍኤስ የተሻለ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት) አላውቅም፤ ትሩናስ የሚሠራው በእሱ ነው። እያንዳንዱን የዳታ ቁራጭ ከነቼክሰሙ (ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር) ነው የሚያስቀምጠው፤ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ነገር ካለ ሲያነበው ያውቃል። ሁለት ዲስክ በሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) ከሰጠኸው ራሱ ያስተካክለዋል። ስናፕሾት (የቀድሞውን ሁኔታ የሚያስቀምጥ) ስላለው ሳይታሰብ የጠፋ ፎልደርም ይመለሳል። ሁሉንም ከብራውዘር ነው የምታዘው፤ ጄሊፊንም አፕ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። 8 ጊጋ ራም ዝቅተኛው መስፈርት ነው፣ ብታሳድገው ጥሩ ነው።


ሐዋሳ ታቦር፦

ወንድሜ ሰላም ነው? እኔ ሐዋሳ ነኝ። እኛ ቤት ጄሊፊን ዊንዶውስ 11 ላይ ነው ያለው። ባለቤቴም ልጆቼም ይጠቀሙበታል፣ ተመችቶናል። ዊንዶውስን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር ቢሆን የሰፈር ልጅ ጠርተህ ታሳየዋለህ። ሊኑክስ ከሆነ ማን ይነካዋል? ዲስክህም መቼም ኤንቲኤፍኤስ፣ የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም፣ ነው የሚሆነው፤ ዊንዶውስ ላይ ምንም ሳትቀይር ይነበባል። ይህን ቀላል አድርገህ አትየው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ ቤት ነኝ። አፕዴት ጨርሶ ሲነሳና ፓስወርድ ሲጠይቅ አየዋለሁ። ዊንዶውስ ላይ ጄሊፊን እንደ ሰርቪስ (ከጀርባ ራሱ እንደሚነሳ ፕሮግራም) ካልተጫነ ሰው ሎግ ኢን እስኪያደርግ ድረስ አይጀምርም። ስለዚህ በዊንዶውስ ከቀጠልክ ሲጫን የሚመጣውን የሰርቪስ ምርጫ ውሰድ። ዊንዶውስ 10ን ግን እኔም አልመክርህም።


ጥገና ፖስታ ቤት፦

ወንድሜ፣ እኔም አዳማ ነኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። የምመልስልህ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጣው ነገር ተነስቼ ነው።

ዴቢያን 13 የሚባለውን ሊኑክስ ጫን። ዴስክቶፕ የሌለውን፣ ባዶውን።

ጥያቄህን በዚህ መንገድ በማቅረብህ ደስ ብሎኛል። ሱቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ የቱ ይፈጥናል ብሎ ነው። የአንተ ማሽን ለዚህ ሥራ በየትኛውም ሲስተም ይበቃል። እዚህ ከተማ ልዩነቱ የሚታየው መብራት በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ምርጫውን በዚያ ብቻ እንመዝነው።

መብራት ድንገት ሲሄድ ዲስኩ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። የዴቢያን መደበኛ ፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4 ነው፤ ጆርናል አለው። ሊቀይር ያሰበውን አስቀድሞ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሲነሳ መዝገቡን አይቶ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል፣ ማንንም አይጠይቅም። ኤንቲኤፍኤስም ጆርናል አለው፤ ዊንዶውስ ላይ ራሱን ያስተካክላል። ችግሩ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ነው። በትክክል ሳይዘጋ የቀረ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ምልክት ይቀመጥበታል። የሊኑክሱ ድራይቨር ያንን ምልክት ሲያይ ዲስኩን አልከፍትም ሊል ይችላል። ጄሊፊን ይነሳል፣ እማማ ሪሞቱን ይጫናሉ፣ ዝርዝሩ ይታያል፣ ቪዲዮው ግን አይጫወትም። ስለዚህ ዴቢያን ከጫንክ ዲስኩንም ወደ ኢኤክስቲ4 ቀይረው። መቀየር ማለት ፎርማት ማድረግ ነው። አስቀድመህ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ።

ሁለተኛው ነገር ኤፍስታብ የሚባለው ፋይል ነው። ሲስተሙ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያያይዝ የሚያነበው ከዚያ ነው። ዲስኩን በዩዩአይዲ፣ በማይቀያየር መለያ ቁጥሩ፣ ጻፈው፤ ኤስዲቢ ምናምን በሚለው ስም አትጻፈው፣ ያ ስም በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። ከጎኑ ኖፌይል የሚለውን ቃል ጨምርበት። ያ ቃል ከሌለ፣ የዩኤስቢ ገመዱ ቢላላና ዲስኩ ባይገኝ፣ ዴቢያን ጥቂት ጠብቆ መነሳቱን ያቆማል። ጥቁር ስክሪን ላይ ፓስወርድ ይጠይቃል። አንተ ጅማ ሆነህ ያን ስክሪን ማየት አትችልም። ኖፌይል ካለ ግን ሲስተሙ ያለ ዲስኩ ይነሳል፤ ከሩቅ ገብተህ ታየዋለህ።

ሦስተኛው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በታች ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ግባ። ኤሲ ሪከቨሪ ወይም አፍተር ፓወር ሎስ የሚል አለ፤ እንደ ማሽኑ ስሙ ይለያያል። ፓወር ኦን አድርገው። ያለዚያ መብራት ቢመጣም ማሽኑ እንደጠፋ ይቆያል። ኪቦርድ ሳይሰካ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫን ብሎ የሚቆምም ማሽን አለ፤ ያንን ማስጠንቀቂያ እዚያው አጥፋው። ከዚያ የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይር። ሲአር2032 የሚባለው ክቡ ባትሪ ነው። ከቢሮ የወጣ ማሽን ላይ ያ ባትሪ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሲጠፋ ባዮሱ ያስተካከልከውን ሊረሳ ይችላል፤ ሰዓቱም ይዛባል። ይህን ባትሪ ሳይቀይሩ ስለ ዴቢያንና ስለ ኡቡንቱ መከራከር ዋጋ የለውም።

ራውተሩ ከኮምፒውተሩ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። አይፒ አድራሻውን ዴቢያን ላይ ራሱ ቋሚ አድርገው፤ ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጪ ይሁን። ያኔ ቲቪው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም ሳሎንህ ውስጥ ያለው መስመር እስከሠራ ድረስ ቪዲዮው ይሄዳል፤ ዳታም አይቆጥርብህም።

ለትሩናስ ወዳጃችን፤ ስለ ዜድኤፍኤስ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ትሩናስ የተሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ለሚሰኩ ዲስኮች ነው። በዩኤስቢ የተንጠለጠለ አንድ ዲስክ ለእሱ አይሆንም። አንድ ዲስክ ብቻ ካለ ብልሽቱን ይነግርሃል እንጂ በሚረር እንደሚያደርገው አይጠግነውም። ሲስተሙ የተጫነበትን ኤስኤስዲም ለብቻው ይይዘዋል። ሁለት ውስጣዊ ዲስክና 16 ጊጋ ራም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እኔም እሱን እላለሁ።

ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 ለምደህ ከሆነ እሱን ጫን፤ መሠረቱ ዴቢያን ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚያም ይሠራል። እኔ ዴቢያንን የምመርጠው የሚወርደው ትንሽ ስለሆነ ነው። ኔትኢንስት የሚባለው የመጫኛ ፋይል ከ1 ጊጋ በታች ነው። ባዶውን ከጫንክ በኋላ ውስጡ ያለው አንተ ያስገባኸው ብቻ ነው። አፕዴት የሚደረግ ነገርም ያንሳል። የደህንነት አፕዴቱን አንአተንድድ አፕግሬድስ የሚባለው ፓኬጅ ራሱ ይጭናል፤ አንተ ካላዘዝከው ማሽኑን አያስነሳም።

ስለ ቪዲዮዎቹ ደግሞ። ቲቪው ፋይሉን እንዳለ ማጫወት ከቻለ ሰርቨሩ ምንም አይደክምም፤ ይልከዋል እንጂ። ካልቻለ ሰርቨሩ እየለወጠ መላክ አለበት፤ ትራንስኮዲንግ የሚባለው ይህ ነው። የአንተ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኤምፔግ2፣ ኤች 264 እና 8 ቢት ኤች 265 የሚባሉትን የቪዲዮ ዓይነቶች በግራፊክስ ቺፑ ይፈታል። 10 ቢት ኤች 265 የመጣው ከሰባተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የአንተ ቪዲዮ ግን ዲቪዲና ቪሲዲ ነው። ዲቪዲ ኤምፔግ2 ነው፣ ቪሲዲ ኤምፔግ1 ነው፤ ሁለቱም ለማሽንህ ቀላል ናቸው። ከቪኤችኤስ የመጣው ሠርግ ሰው ሲንቀሳቀስ አግድም መስመር መስመር እያለ ይታይ ይሆናል። ያ ኢንተርሌስ ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብርተህ ወደ ኤች 264 ለውጠው። ዋናውን ፋይል ግን አታጥፋው፤ ለብቻው አስቀምጠው። ነገ የተሻለ መንገድ ሲመጣ ከዋናው ነው የምትነሳው።

አዳማ ስለሆንክ አቧራውን ታውቀዋለህ። ማሽኑን መሬት ላይ አታስቀምጠው፤ ከቲቪው ጀርባም አትወሽቀው። ለእህትህ ክዳኑን እንዴት እንደምትከፍትና በደረቅ ብሩሽ እንዴት እንደምታጸዳው አሳያት። በበጋ ሙቀት የዲስኩን ሁኔታ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ኮማንድ እየገባህ እይ። ከ50 ዲግሪ በላይ ከቆየ እኔ ቦታውን እቀይርለታለሁ። እዚያው ዝርዝር ላይ ሪአሎኬትድ ሴክተር የሚለው ቁጥር ከዜሮ ተነስቶ መጨመር ከጀመረ ዲስኩን ለመቀየር አትዘግይ።

ትንሽ ዩፒኤስም ግዛ፤ ራውተሩንም ሰርቨሩንም ዲስኩንም እሱ ላይ ሰካ። ሰዓታት አያቆይህም፣ ደቂቃዎች ነው የሚሰጥህ። የዩኤስቢ ገመድ ያለው ከሆነ ኤንዩቲ የሚባለው ፕሮግራም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን በሥርዓት ይዘጋዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለተኛውን ዲስክ። የአባትህ ድምፅ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ መሆኑን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ሱቄ በየጊዜው ሰው የሞተ ዲስክ ይዞ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ፊልም ቢጠፋበት ግድ የለውም፤ የሚያለቅሰው ለሠርግና ለልጅ ፎቶ ነው። አንዳንዱን እመልሳለሁ፣ አንዳንዱን አልችልም። የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተሰበረ ዲስክ አይመልስልህም። ቅጂውን ሥራና አንተው ጅማ ይዘኸው ሂድ። ሌባም እሳትም ጎርፍም ሁለት ከተማ በአንዴ አይደርስም።


የፍራንኮ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼም እህቴም። ባትሪውን ዛሬ ቀይሬዋለሁ፣ ባዮሱንም አስተካክያለሁ። ዴቢያን ተጭኗል። ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ስሰካው ራሱ ተነሳ።

ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ ከኤንቲኤፍኤሱ ወደ ኢኤክስቲ4 ስገለብጥ አንዳንድ ፋይሎች ስሙ ረዥም ነው እያለ አልቀበልም አለ። እዚያኛው ላይ ግን ደህና ነበሩ። ሁለተኛ፣ ጄሊፊን ለአንዱ የመዝሙር ፎልደር የማናውቀውን የፈረንጅ ፊልም ፖስተር ለጥፎበታል። የሠርጉን ፎልደር ደግሞ አባዬ በቅንፍ 1984 ብሎ ስለጻፈው ከፈረንጆቹ 1984 ፊልሞች ጋር እየፈለገው ነው። ደግሞስ ከጅማ ሆኜ እንዴት ነው የምገባው?


ጥገና ፖስታ ቤት፦

ስሙ የአማርኛ ስለሆነ ነው። ኢኤክስቲ4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚጽፍበት ኮድ) 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም። ኤንቲኤፍኤስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ 255 ፊደል ድረስ ይቀበላል። አባትህ የዘማሪውንም የደብሩንም ስም በሙሉ ጽፈው ይሆናል። አታጥፋው። ፋይሉን አሳጥረህ ሰይም፣ ሙሉውን ስም ደግሞ ጄሊፊን ውስጥ ርዕሱ ላይ ጻፈው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ገደብ አይገጥምህም። ገልብጠህ ስትጨርስ በሁለቱም በኩል የፋይሉን ብዛት አወዳድር። እሱን ሳታረጋግጥ የድሮውን ዲስክ ፎርማት አታድርግ።

ፖስተሩ የመጣው ላይብረሪውን የፊልም ዓይነት ስላደረግከው ነው። ለቤተሰብ ቪዲዮ ሆም ቪዲዮስ ኤንድ ፎቶስ የሚለውን ዓይነት ምረጥ፤ ኢንተርኔት ላይ ሄዶ አይፈልግም። ዓመቱንም በቅንፍ አታስቀምጥ። ጄሊፊን በቅንፍ ያለ አራት አኃዝ ሲያይ የፈረንጅ ዓመት ነው ብሎ ይወስደዋል። 1984 ዓ.ም ብለህ ያለ ቅንፍ ጻፈው።

ከጅማ ለመግባት ቴይልስኬል የሚባለው፣ ስልክህንና ሰርቨሩን በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም ይበቃሃል። ሰርቨሩም ላይ ስልክህም ላይ ትጭነዋለህ፤ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት አያስፈልግም። ጄሊፊንን ለዓለም ሁሉ ከፍተህ እንዳትተወው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮማንድ መስጫ መንገድ) ገብተህ የምትፈልገውን ትሠራለህ። ሐዋሳ ያለችው እህታችን ማን ይነካዋል ብላ ነበር፤ በዚህ መንገድ ራስህ ትነካዋለህ።


ሐዋሳ ታቦር፦

እንግዲህ እዚህ ላይ አሳምናችሁኛል። እኔ ስለ እማማ አንድ ልጨምር። አማቴ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት፤ ቲቪው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳቸዋል። ለእያንዳንዱ ፎልደር ምስል አስገባ። ቪዲዮው ውስጥ ፊት በደንብ የሚታይበትን ቦታ በፎቶ አውጣና ፎልደር በሚለው የእንግሊዝኛ ስም፣ በጄፔግ ፎርማት፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው። እሳቸው ምስሉን አይተው ነው የሚጫኑት።

ለእናትህ የራሳቸውን አካውንት ክፈት፣ ፓስወርድ የሌለው። ፋይል የማጥፋት ፈቃድ አትስጠው። አንተ የምታያቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ከእሳቸው አካውንት ደብቅ፤ ሠርጉ፣ ክርስትናውና መዝሙሩ ብቻ ይታይ። ቲቪው ላይ ያለው አፕ ሲከፈት በእሳቸው ስም በቀጥታ እንዲገባ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን አብራ። ከዚያ ከመሄድህ በፊት አንድ እሑድ ሪሞቱን ስጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጥ። ምንም አትንገራቸው። የት ላይ እንደሚቆሙ ካየህ በኋላ አስተካክል።